የቁጭ ባዮቹ ክንድ

ሐዋሳ ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ላምቤቦ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። "በሕመምተኛ ከምትለማመጂ በእኔ ተለማመጂ" አሉኝ። ሦስቴ ወጋኋቸው፤ ሦስቴም ደም ሥሩን ሳትኩት። ኮታቸውን እየለበሱ "በይ፣ የቀረውን ነገ" ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ደም ቀዳሁ። ሙያዬ የላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ቢሆንም፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሁሉ ሲስተር ናትና እኔም ሲስተር ሆኜ ቀረሁ።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመት በኋላ ደረጀ የሚባል የስፖርት መምህር ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት እንድረዳው ጠየቀኝ። ብረት ማንሳት፣ ስፖርት ነክቷቸው የማያውቅ ወጣቶችን ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይቀንስ እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል። እኔ ነገሩን "የሰውነት ዝገት" እለዋለሁ፤ ሰውነት ኦክስጅን ሲጠቀም የሚተርፈው ጎጂ ቅሪት መከላከያውን ሲያሸንፍ የሚመጣ ነው። ስድስት ወጣቶች መሃል ከተማ ባለ ጂም ሦስት ወር ብረት ያነሳሉ። ሌሎቹ ስድስት እንደ ልማዳቸው ቁጭ ይላሉ። ለመቀመጥ ሰው ሲመደብ ከመሥሪያ ቤት ውጭ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ደረጀ ቁጭ ባዮቹ እንዳይንቀሳቀሱበት ሰጋ። ዘመኑ ሁሉም ነገር አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ነበርና እርስ በርስ እንዲጠባበቁ እነሱንም አንድ ለአምስት አደራጃቸው። ጠርናፊያቸው ማቴዎስ የሚባል የቱላ ልጅ ሆነ።

በስድስተኛው ሳምንት ደም ልቀዳ የማቴዎስን ክንድ ሳስር፣ ማሰሪያው ጎማ ወትሮ የምቋጥርበት ድረስ አልደርስ አለኝ።

"ወፍረሃል" አልኩት።

"የእናቴ ቆጮ ነው፣ ሲስተር።"

ስቄ አለፍኩ።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ውጤቱ መጣ። የብረት አንሺዎቹ ዝገት ቀንሷል። የቁጭ ባዮቹም እኩል ቀንሷል። ደረጀ ወረቀቱን እንደያዘ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። የትምህርት ፈቃዱ ሊያልቅ ነው።

"ሲስተር፣ ብረት ማንሳትና መቀመጥ አንድ ነው ብዬ ልጻፍ? ከዚያ በኋላ በምን አፌ ነው ተማሪ ፊት ቆሜ ስፖርት ሥሩ የምለው?"

ጎማው ትዝ አለኝና ነገርኩት።

ማቴዎስን አስጠራነው። አልካደም።

"ሲስተር፣ እርስዎ ይፍረዱን። እነዚያ በየሳምንቱ ሲፈረጥሙ እኛ ቁጭ ብለን እንይ? አንድ ለአምስት ስንባል ግምገማ ጀመርን። ዋናው ድክመታችን መቀመጥ ሆኖ ተገኘ።"

የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በውኃ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ሰክተው፣ ስድስቱም ማቴዎስ ግቢ ሲያነሱ ከርመዋል። አንድም ቀን የቀረ የለም። የጂሞቹ እንኳ አንዳንዴ ይቀሩ ነበር።

ደረጀ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ያም ሆኖ የስድስቱ ውጤት ለማወዳደሪያ አይሆነውም። አዲስ ቁጭ ባዮች ፈልጎ ሦስት ወሩን እንደገና ጀመረ፤ እነዚህን አላደራጃቸውም። በሁለተኛው ዙር ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። የዓመቱ ምረቃ ስላለፈው ግን ዲግሪውን ከጓደኞቹ አንድ ዓመት ዘግይቶ ተቀበለ። በስድስተኛው ሳምንት ብናገር ኖሮ ከባከነው ሦስት ወር ግማሹ ይተርፍለት ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

እናንተ ሥራውን አሁን የምትጀምሩ፣ ደም ስትቀዱ ያያችሁትን፣ ቢያስቃችሁም፣ በዚያው ዕለት መዝገብ ላይ ጻፉ።