ኣስመላሽ የገጠመው የሙሽራ መሸኛ
ኣስመላሽ በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ አየር ማረፊያ የጽዳት ሺፍት መግባት ከጀመረ ሃያ ዓመቱ ነው። አስመራ ተማሪ ሳለ፣ ጀርመናዊው መምህሩ ያስተማሩትን የአገራቸውን የሕዝብ ዜማ ወስዶ የአማርኛ ግጥም ገጠመለት፤ ለሚወዳት፣ ለሌላ ሰው ለተዳረችው ለደሃብ ስንብት መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንጓዎች ጓደኞቹ ዘፈኗቸው። ሦስተኛውን ለብቻዋ በደብዳቤ ላከላት፤ መልስ አልመጣም።

ዘፈኑ ግን ካገር አገር ዞሮ የሙሽራ መሸኛ ሆኖ አረፈው። ማን እንደገጠመው የጠየቀ የለም፤ እሱም አልተናገረም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ኢንተርናሽናል አቬኑ በሚባለው የካልጋሪ ጎዳና ላይ ባለ አዳራሽ፣ የደሃብ የልጅ ልጅ ተዳረች። ኣስመላሽም ተጠርቶ ነበር። ሙሽሮቹ በዚያው ዘፈን ታጅበው ሲወጡ ደሃብ እያጨበጨበች መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ሁልጊዜ ሦስተኛውን አንጓ ይተዉታል» አለችው፣ ዓይኗን ከሙሽሮቹ ሳትነቅል።