ክር ያለው ሻይ

እንደምነግርሽ ጻፊው ልጄ፣ አታሳምሪው።

ጦርነቱ ሲመጣ ከጎረቤቴ ጋር ነው የሸሸሁት። እሷ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ግን ተለያይተን አናውቅም። መንገድ ላይ እግሯ አልሄድ ሲላት፣ «አብሽሪ! ስንመለስ ሐይቅ ወርደን የዚያችን ሴትዮ ሻይ እንጠጣለን» እያልኩ ነው ያስነሳኋት። ሴትዮዋ ከውሃው ዳር ሻይ ቤት ነበራት፤ ቅርንፉዱና ቀረፋው ከመንገድ ማዶ ሰው ይጣራል።

ተመለስን። ጎረቤቴ ቤቷ ተዘርፎ ጠበቃት፤ በሩን እንኳ ነቅለው ወስደውታል። ከዚያ ወዲያ ሳቋ ጠፋ። ድሮ እሷ ከደጇ ስትስቅ ከወዲያኛው ሐይቅ፣ ከአርዲቦ ዳር ያለ ሰው ይሰማ ነበር! እኔ ደግሞ እሷ ካልሳቀች እህል አይወርድልኝም።

«ተነሺ፣ ቃሌን ልጠብቅ» ብዬ ጎትቼ ወሰድኳት።

ሻይ ቤቱ አለ፤ ሴትዮዋ ግን ከሸሸችበት አልተመለሰችም አሉን። አንዲት ከተሜ ልጅ ግድግዳውን ቀለም ቀብታ፣ የፕላስቲክ ወንበር ደርድራ ይዛዋለች። ሻይ አልናት። ለብ ያለ ነጭ ውሃ በብርጭቆ አመጣችና ክር ያለው ትንሽ ከረጢት ነከረችበት። ቅመም የለ፣ ሽታ የለ። ያን ሁሉ መንገድ ለዚህ?

ጎረቤቴ ክሩን በሁለት ጣቷ አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ኧረ ይቺ ልጅ ክታብ ነው የሰጠችን!»

አልተሳሳተችም እኮ። በኛ አገር ክታብ ወይ ታጥቦ ውሃው ይጠጣል፣ ወይ ተሰፍቶ በክር ይታሰራል። ይሄ ሁለቱንም ሆኖ መጣ።

«የማን ይሆን?» አለችኝ በሹክሹክታ። «የሸህ ነው የደብተራ?»

«ምን አውቄ! ጠይቂያት።»

እውነቴን ነው፣ ጠየቀቻት!

ልጅቱ ግራ ገብቷት፣ «እማማ፣ የፋብሪካ ነው» አለች።

«በይ እንግዲያ ለሁለታችንም ይሆናል» አልኩና ጨምቄ አወጣሁት። ክሩ ለአንገቷ አልደርስ ቢለኝ ጆሮዋ ላይ አንጠለጠልኩላት። «ሌባሽን ያንቀጥቅጥልሽ! በርሽን ተሸክሞ ይምጣልሽ!»

«አንቺ ባለጌ!» አለች፣ ውሃው በአንገቷ እየወረደ። «በሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ውሃ ሻይ ያድርገው!»

ከዚያ ሳቀች። ያ የድሮው ሳቋ! ሻይ ቤቱ በሞላ ዞሮ አየን።

ሻዩ እንደ ሻይ ምንም አይረባም። ለክታብነቱ ግን እኔ እመሰክርለታለሁ።