በሞትኩበት ቀን የቀባኋቸው አምስት ቸርኬዎች

ባለቤቴ በተቀበረበት ቀን በተነበበው የሕይወት ታሪክ ውስጥ፣ ሰበታ ፋብሪካ ሲሠራ የሥራ አስኪያጁን የስፖርት መኪና ቸርኬዎች «በገዛ እጁ አድሶ፣ ቀለም ቀብቶ» የመጋዘን ኃላፊነት እንዳገኘ ተነግሯል። ያስጻፈችው እህቱ ናት። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። እኔም የሐዘኑ ባለቤት ስለሆንኩ ዝም አልኩ። አሁን ግን ተዝካሩም ተበልቷል፣ ዓመቱም ወጥቷል። ባለቤቴ ቸርኬ አልቀባም። ብሩሽ በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ እንኳን የሚያውቅ አይመስለኝም።

የቀባኋቸው እኔ ነኝ። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ የብረት አልጋ ቀቢ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው፣ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ የአልጋ እግር ስፍቅ አደግሁ። ስዳርም የሰጠኝ አብረን የቀባነውን አረንጓዴ አልጋ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ፈረንጅ ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ቀይ መኪና ነበረችው። እሑድ እሑድ በእሷ እስከ ተጂ ይሄዳል። ተጂ ሲደርስ አዙሮ ይመለሳል እንጂ አይወርድም። ቸርኬዎቿ እንደ ብስክሌት በሽቦ የተወጠሩ ነበሩ። አንድ ክረምት ጭቃው ገብቶባቸው ዛጉ። በመጋዘን ጸሐፊነት ይሠራ የነበረው ባለቤቴ፣ «እኔ ቤቴ ወስጄ አድስልዎታለሁ» ብሎት ኖሮ፣ ጎሚስታው ጎማቸውን ካወለቀ በኋላ፣ መለዋወጫውን ጨምሮ አምስት ቸርኬ በጋሪ ጭኖ መጣ።

«ምንድን ናቸው?» አልኩት።

«እድገቴ ናቸው።»

«ማን ሊቀባቸው ነው?»

«አንቺ ነሻ። አባትሽ ለምን ነበር ያስተማረሽ?»

«ለፈረንጁስ ማን ቀባቸው ልትለው ነው?»

«ሲያልቁ እውነቱን እነግረዋለሁ። ፋብሪካው የቀለም ክፍል ሊከፍት ነው፤ ሴትም ይቀጥራሉ እየተባለ ነው። የእጅሽን ሥራ ካየ ይቀጥርሻል።»

ማልልኝ አልኩት። «እናቴን» አለ። እናቱ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ካልጮኹባቸው አይሰሙም።

ያን ጊዜ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ አባቴ በእጄ ሥራ መጠራት። ስለዚህ ያዝኩት። አንዱ ቸርኬ ሰባ ሁለት ሽቦ አለው። እያንዳንዱን በብርጭቆ ወረቀት ፈቅቼ፣ በቤንዚን ጠርጌ፣ ዝገት የሚከላከለውን ቀለም አለበስኩ። ከዚያ ብርማውን ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ በፍሊት፣ በዝንብ መድኃኒት መርጫው፣ ረጨሁባቸው። አባቴም ለቀጭን ብረት ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ ብሩሽ በሽቦዎቹ መካከል አይገባም። ሲያልቅ ቆንጆ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና አምስቱም አቧራ የተነሰነሰባቸው ድፎ ዳቦ መሰሉ። እንደገና ፈቅሁ።

ባለቤቴ ይህን አይቶ መላ አመጣ። የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ እሱ ስለነበር፣ ድንኳኑ የሚቀመጠው እኛ ቤት ነው።

«ግቢው ውስጥ እንትከለው» አለ።

«ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል? ሸራ ነው።»

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በጾም ሠርግ የለም። ሠርግ በሌለበት ወራት ሰበታ ውስጥ ድንኳን ከተተከለ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ባለቤቴ ግን የመጋዘን ሰው ነውና ሸራ ብቻ ታየው። ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ተከለውና ተጨማሪ አኳራጅ ሊገዛ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄደ። እናቱ ዶሮ እንዳያስገቡ ዱላ ይዘው በራፉ ላይ ተቀመጡ። እኔ ውስጥ ሆኜ ወለሉን ውሃ ረጨሁ፣ ቸርኬዎቹን በገመድ አንጠለጠልኩ፣ አፍንጫዬን በሻሽ አሰርኩና ጀመርኩ።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ለቅሶ ሰማሁ። ምስኪን፣ የማን ቤት ይሆን አልኩ። ለቅሶው ቀረበ። ቀጥሎ የባሌ እህት ድምፅ፣ «ወንድሜን ሜዳ ላይ ጥላው ሄደች» ሲል ሰማሁ። ወንድሟ አንድ ነው፤ ጥላው ልትሄድ የምትችልም አንዲት ሴት ናት። እሱን አውቶቡስ ሲሳፈር አይተውት ይሆናል፣ እናቱ በራፉ ላይ ናቸው፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሸራውን ልገልጥ እጄን ዘረጋሁ። ውጭ ነፋሱ ያፏጫል። ሦስት መቶ ስልሳ ሽቦ ለሦስተኛ ጊዜ ከምፍቅ፣ ጥቂት ሞቼ ብቆይ ይሻላል አልኩ።

የባሌ እህት ሸራውን ተደግፋ ተቀመጠች። «ወጧ ውሃ ውሃ ይል ነበር እንጂ ክፉ ሰው አልነበረችም» አለች።

«ኧረ ተይ፣ አሁን ይህ ይነሣል?» አለች አንዲት ጎረቤት።

«እውነት ነዋ። ያቺን አረንጓዴ አልጋ እንግዲህ እኔ እወስዳታለሁ። አዲስ ሚስት በአሮጌ አልጋ አትገባም።»

አራተኛውን ቸርኬ በንዴት ስለረጨሁት ከሁሉም አምሮ ወጣ።

የዕድሩ ዳኛ መጣ። መላው ሰፈር «ኦቦ» ብቻ እያለ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። «ማል ታቴ? ምን ነካት? ትናንት ሽንኩርት ስትገዛ አይቻታለሁ» አለ። ከዚያ ወደ አማቴ ዞሮ፣ «እማማ፣ የት ናት?» ሲል ጮኸ።

አማቴ በዱላቸው ድንኳኑን አመለከቱ። «ከጧት ጀምራ እዚህ ውስጥ ናት። እንዳይከፈት ብላለች።»

«ብላለች?»

«ስትናዘዝ ነዋ» አለች የባሌ እህት። «ድሮም ድብቅ ናት።»

«ቢሆንም ጥሩምባ ሳይነፋ ድንኳን አይተከልም» አለ ዳኛው። «ደንብ አለን።» ወዲያው ጥሩምባ ነፊውን ላከና ሞቴ በከተማው ተለፈፈ። አምስተኛው ቸርኬ ገና አልደረቀም ነበር።

ጥሩምባው ሰው ጨመረ። ሥራ አስኪያጁም የቸርኬዎቹን ነገር ሊጠይቅ መጣ። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ስለቆመች በእግሩ ነው የመጣው። ከአዲስ አበባ የተመለሰው ባለቤቴ የአኳራጁን ጠርሙስ በብብቱ ይዞ በር ላይ ገጠመው። በሸራው ቀዳዳ አያቸዋለሁ። ፈረንጁ ሕዝቡን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ የባለቤቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ሚስት?» አለው።

ባለቤቴ ድንኳኑን አየ። ትቶኝ የሄደ እሱ ነው፤ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ያውቃል። የተያዘውን እጁን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

ያን ጊዜ ሸራውን ገልጬ ወጣሁ። ፍሊቱ ሲመለስብኝ ስለዋለ ከሻሼ እስከ እግሬ ጥፍር ብር ሆኛለሁ። ሰው ተተራመሰ። ሁለት ሴቶች በአጥር ዘለሉ። የባሌ እህት በጀርባዋ ወደቀች። ያልተነቃነቀው ዳኛው ብቻ ነው። «ይህ ደንቡ ላይ የለም» አለ።

«ይህች ማን?» አለ ፈረንጁ።

«ሠራተኛዬ ናት» አለ ባለቤቴ።

የሰበታ ሰው የጎረቤቱን ገመና ለእንግዳ አያወጣም። ያ ሁሉ ሰው ሰማ፤ አንድም ሰው አላረመውም። ፈረንጁ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። አምስቱ ቸርኬዎች በገመዳቸው ቀስ እያሉ ይዞራሉ። «በዚህ ቀንም ሠራህ?» አለው። «ቃሌን ሰጥቼ ነበር» አለ ባለቤቴ። ፈረንጁ መሐረብ አወጣ።

በማግስቱ ከፋብሪካው የአበባ ጉንጉን መጣ። የጎረቤት ፍየል በላችው። በሳምንቱ ባለቤቴ የመጋዘን ኃላፊ ሆነ፤ የፋብሪካውም ቤት ተሰጠን።

«ቃልህስ?» አልኩት።

«አሁን እንዴት ብዬ? ሞተሻል እኮ።»

በዓመቱ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ከነሚስቶቻቸው ግብዣ አደረገ። ባለቤቴ በሥራ አስኪያጁ ፊት «አዲሷ ባለቤቴ» ብሎ አስተዋወቀኝ። ፈረንጁ አልለየኝም፤ ያኔ ያየው ብር ነበር። አጠገቡ አስቀመጠኝና በቢሮው ጸሐፊ አስተርጓሚነት፣ የቀድሞዋን ሚስት አውቃት እንደነበር ጠየቀኝ።

«በደንብ» አልኩ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

«ቀለም ቀቢ ነበረች። ቸርኬዎችዎን የቀባችልዎ እሷ ናት። እሱ አኳራጅ ነው የገዛው።»

ጸሐፊው ተረጎመ። ፈረንጁ ወደ ባለቤቴ ዞረ። «እውነት ነው?»

በሰው ፊት በሟች ላይ መዋሸት አይቻልም። «እውነት ነው» አለ ባለቤቴ። በሕይወቱ ያመነው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እህቱም አልነበረችም።

ፈረንጁ ብርጭቆውን አዟዟረ። ጸሐፊው ቃል በቃል ነገረኝ። «ለቀለም ክፍሉ ኃላፊ ስፈልግ ዓመት ሞላኝ። ምን ያደርጋል። በሕይወት ብትኖር ኖሮ እሷን እቀጥር ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። እውነቱ ከወጣ እሱ ይባረራል፤ ያቺ አረንጓዴ አልጋም ከፋብሪካው ቤት ወጥታ ደጅ ትወድቃለች። አፌን ዘጋሁት።

ሥራ አስኪያጁ ለሟቿ ብርጭቆውን አንሥቶ ቆመ። አዳራሹ ሁሉ ተነሣ። ጸሐፊው «ነፍሷን ይማር» አለ። ከሁሉም ጮክ ብዬ «አሜን» ያልኩት እኔ ነኝ።