አንድ እፍኝ የማላቀቂያ ዱቄት

አሶሳ የፕላስቲክ ወንበር ፋብሪካ በቀማሚነት የገባሁ ቀን፣ የፈረቃ ኃላፊዬ ወይዘሮ ጫልቱ ሚዛን ፊት አቁመው አራት ከረጢት አሳዩኝ። ዋናው ጥሬ ዕቃ፣ ማቅለሚያው፣ ወንበሩ በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ የሚጨመረው፣ አራተኛው ደግሞ ማላቀቂያ የምንለው ነጭ ዱቄት ነው። ወንበሩ ቅርጽ የሚያወጣው የብረት ሞልድ ላይ ሳይጣበቅ እንዲወጣ ያደርጋል። እሱን በግራም መዝን ተባልኩ።

እኔ ያደግሁት ባምባሲ ገበያ፣ እህል ሻጭ እናቴ ሥር ነው። እናቴ ሰፍራ ስትጨርስ አንድ እፍኝ ሳትመርቅ ደንበኛ ሸኝታ አታውቅም። ደረቅ ስፍር ነውር ነው ትላለች። ስለዚህ ብቻዬን መቀመም እንደጀመርኩ ዱቄቱን አስተካክዬ መዘንኩና አንድ እፍኝ መረቅሁበት። ወንበሩ ከሞልዱ እየዘለለ ሲወጣ እጄ የተባረከ መሰለኝ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ለልጃቸው ሠርግ ስድሳ ወንበር አዘዙ፤ ብቻዬን የቀመምኩት የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው። ሐሙስ መጡ፤ አንዱ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና አመስግነው ወሰዱ።

ማላቀቂያ ሲበዛ ዕለቱን አይታይም። በሁለት በሦስት ቀን ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ወንበሩን ሙልጭልጭ ያደርገዋል። ሠርጉ እሑድ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ አንዱን ወንበር በባጃጅ ጭነው መጡ። ሳይቆጡ፣ ወይዘሮ ጫልቱን እንዲቀመጡበት ጋበዙ። ወይዘሮ ጫልቱ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ፣ ቀጥሎ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ወንበሩ ቆንጆ ነው» አሉ ሐጂ። «ሽማግሌ ግን አይዝም።»

የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ሲንሸራተቱ፣ በመጨረሻ ከሴቷ ወገን ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ አንዱ ሲበላ ሌላው እየያዘው በተራ እንደበሉ ነገሩን። ሳቄ መጣ፤ እንጀራዬ ትዝ ሲለኝ ተመልሶ ገባ።

ወይዘሮ ጫልቱ ቀሚሳቸውን እያራገፉ ስንት እንደመዘንኩ ጠየቁኝ። የታዘዘውን አልኩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንድ እፍኝ መረቅሁ።»

አለቀልኝ ብዬ ጋዋኔን መፍታት ጀመርኩ።

«ወላሂ፣ ልጁ ክፉ አይደለም፤ አታባርሪው» አሉ ሐጂ። «ቸርነቱን ግን ገበያ ያድርግ።»

ስድሳውንም ወንበር ፈጭተን፣ ማላቀቂያ ካልነካው ጥሬ ዕቃ ጋር ቀላቅለን እንደገና ሠራን። ለሐጂ ከመላኩ በፊት የመጀመሪያው ወንበር ላይ ሦስት ቀን ሙሉ በር ላይ እንድቀመጥ ታዘዝኩ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ዘበኛ መስዬው ሰላም ይለኝ ነበር። በአራተኛው ቀንም ስላልተንሸራተትኩ ቋሚ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ይኸው ዛሬም ቀማሚ ነኝ። አዲስ ለሚገባ የምለው አንድ ነው፤ ሚዛኑ ልክ ሲመጣ እጅህን ኪስህ ክተት።