ከፈይ ለሽንሌ ሙሽራ

የእህቴ ልጅ በስልኳ ዕቃ ታሻሽጣለች። የራሷ ሱቅ የላትም። የሰው ሱቅ ዕቃ ፎቶ እያነሳች ለምታውቀውም ለማታውቀውም ትልካለች፤ በእሷ በኩል የመጣ ሰው ከገዛ ባለሱቁ ኮሚሽን ይሰጣታል። ሥራ ነው፣ አልከፋም። ባለፈው ግን ለእኔ የላከችልኝን ብታዩ! የወንድ ጫማ፣ የመኪና ጎማ፣ የሕፃን ጡጦ። "አንቺ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጡጦ ልጠባልሽ ነው?" ብላት "አክስቴ ደግሞ! ለሁሉም ነው የምልከው፣ አንዱ ጋ መምታቱ አይቀርም" አለችኝ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ይህን ሥራ እኮ እሷ ሳትወለድ እዚሁ ጅግጅጋ በክር ሠርቼዋለሁ! "ቁጭ በይና ልንገርሽ" አልኳት። ስልኳ ጠራና ተነስታ ወጣች። እንግዲህ ለእናንተ ልንገራችሁ።

መንግሥት ሲለወጥ የአባቴ የወታደር ደመወዝ ቆመ። እናታችን ቀደም ብላ አርፋ ስለነበር ቤት የቀረነው አባቴ፣ እኔና ሁለት ታናናሽ እህቶቼ ነበርን። ከእናቴ የቀረን አንድ ነገር የስፌት መኪናዋ ነው፤ በእግር የምትረገጥ፣ ጉልበት የምትጨርስ፣ ግን አሳፍራን የማታውቅ መኪና። ስፌቱን ከእናቴ ሥር ሆኜ ተምሬው ነበርና መኪናዋን በአህያ ጋሪ አስጭኜ ገበያ ወጣሁ።

ያኔ በከተማው ልብስ ሰፊው ሁሉ ወንድ ነበር ማለት ይቻላል። ወንድ ደግሞ የሰው ሚስት ወገብ በሜትር አይለካም፤ ነውር ነው። ሴቶቹ የድሮ ቀሚሳቸውን በፌስታል ይዘው ይመጡና "እንደዚህ አድርገው" ብለው ይሄዳሉ። በመሀል ወፍራ ይሁን ከስታ፣ ቀሚሱ ምን ያውቃል? አንዲት ባልቴት ጨርቅ ነጋዴ ይህን ታዝበው ኖሮ ሴት ልብስ ሰፊ መጣች ሲባል ጠሩኝ። ሱቃቸው በረንዳ ላይ ቦታ ሰጡኝ፤ ከውስጥ ጥግ ላይ መጋረጃ ጋረዱና "እዚህ ለኪ" አሉኝ።

ገበያው ሁሉ የሚጠራቸው ኤዶ እያለ ነበር፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ሲቆጡ ይጮኻሉ፣ ሲስቁ ይጮኻሉ፣ ሰላምታቸውም ጩኸት ነው። እኔን "ናያ!" ይሉኛል፣ "አንቺ ሴት!" እንደ ማለት፤ ወንዱን ደግሞ "ዋርያ!" ይሉታል። አማርኛቸውን ከገበያ ነው ያገኙት፤ ለሹሙም ለሕፃኑም አንተና አንቺ ነው። እኔ ግን እርስዎ እላቸው ነበር። በጣም ወደድኳቸው። ቁጣችን ስለሚመሳሰል ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ደንበኛ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፊው ይለካና ይህን ያህል ሜትር፣ ይህን ዓይነት ጨርቅ ብሎ ወደ ነጋዴ ይልከዋል። ሲልከው የጨርቁን ዓይነት የምታሳይ ቁራጭ ያስይዘዋል፤ በቁራጯ ጫፍ ላይ እያንዳንዱ ሰፊ የራሱን ቀለም ክር ያስራል። የእኔ አረንጓዴ ነበር። ነጋዴው ቁራጯን ጣሳ ውስጥ ይጥላታል፤ ሐሙስ ከሰዓት ጣሳው ይገለበጥና ሰፊው ሁሉ በላከው ሰው ልክ ኮሚሽኑን ያገኛል። በዚህ ጉዳይ ሰው ሲጣላ አላየሁም።

እኔ መጀመሪያ ላይ የተራቀቅሁ መስሎኝ ነገሩን አወሳሰብኩት። ለቀሚሱ እዚህ ሱቅ፣ ለገበሩ እዚያ፣ ለሻሹ ደግሞ ታች ሰፈር እያልኩ ደንበኛዋን እፍኝ ሙሉ ቁራጭ አስይዤ እሰዳታለሁ። አንዲት የአስተማሪ ሚስት ጠዋት የወጣች ገበያውን ስትዞር ውላ የአልጋ ልብስ ገዝታ መጣች። "በቃ ይሄን ቀሚስ አድርጊልኝ" አለች፤ ድካም ነው እንጂ ጤነኛ ናት። ኤዶ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ናያ! ሰው ግመል አይደለም፣ ይደክመዋል!" አሉኝ። የአልጋ ልብሱን ሰፋሁላት። አማረባት ደግሞ!

ከዚያ ወዲህ ቀለል አደረግሁት። መጋረጃው ውስጥ እየለካኋት "የት ነው የምትለብሺው?" እላታለሁ፤ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ከካራማራ ተራራ በኩል ከሰዓት የሚነሳውን ነፋስ የማያውቅ እንግዳ ስስ ቀሚስ ለብሶ አስፋልት ሲያቋርጥ ማየት ነው! አንድ እጅ ራስ ላይ፣ አንድ እጅ ጉልበት ላይ፣ ዘንቢሉን ማን ይያዝ? እንዲህ ላለችው ወፈር ያለ ጨርቅ ነው የሚሻላት። ቆላ ለምትሄደው ደግሞ ሌላ። መልሷን ከሰማሁ በኋላ አንድ ቁራጭ አስይዤ ወደ አንድ ሱቅ እልካታለሁ። ሌሎቹ ሰፊዎች ኮሚሽን ወደሚያበዛው ሱቅ ነበር የሚነዱት፤ የተነዳች ሴት ሁለተኛ አትመጣም። የእኔዎቹ እህታቸውን አስከትለው ይመለሳሉ። ኤዶም ደስ ይላቸዋል፤ ለደንበኛዋ የሚሆነው ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እሳቸው ዘንድ ነበርና።

የከፈይ ዓመት እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው። አንድ ዓመት ከተማው በከፈይ አበደ። ያ ለስላሳ፣ ከባድ፣ ሲዳስሱት እንደ ድመት ጀርባ የሚሞቅ ጨርቅ፤ ሠርግ የሚሄድ ሁሉ እሱን ካልለበሰ እንዳልተጠራ ቆጠረው። ኤዶ ስሱን ጨርቅ ሁሉ ሸጠው ያላቸውን አፈሰሱበትና ሱቁን ከወለል እስከ ጣሪያ በከፈይ ጣቃ ሞሉት። ጣቃው በገባ በሳምንታት ውስጥ ግን ሙቀቱ መጣ፣ ገዢ ቀዘቀዘ። ኤዶ ጩኸታቸው ቀነሰ፤ ያኔ ነው የፈራሁት። "ናያ፣ ማንም ይምጣ ማን፣ ከፈይ በይ" አሉኝ። "ይሄ ካልወጣ እኔም አንቺም የለንም።" እሺ አልኳቸው። ምን ልበል?

ከመንገዱ ማዶ ከመሀል አገር የመጣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ደንበኞቹ በአውቶቡስ ከደጋ አገር ለሸመታ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ኤዶና እሱ አይነጋገሩም ነበር፤ አንድ ቀን ነፋስ የሱን የሸራ ዳስ ነቅሎ እሳቸው አናት ላይ ጥሎባቸው "ነፋሱን ክሰሺ" ብሏቸው ነው። የዚያን ሰውዬ ስም እንኳ በፊታቸው ማንሳት ክልክል ነበር።

አንድ ረፋድ እናትና ልጅ መጡ። ልጅቱ ሙሽራ ናት። እናቲቱ ገና በረንዳው ላይ ሆና "ከፈይ፣ ቀይ፣ ባለገበር!" አለች። ኤዶ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ፊታቸው ሲበራ አየሁት። ልጅቱን መጋረጃው ውስጥ አስገብቼ እየለካኋት "ወዴት ነው የምትገቢው?" አልኳት።

"ሽንሌ" አለች በቀስታ። "ሄጄ አይቼዋለሁ። ተነስቼ ሻይ ስቀዳ እንኳ ያልበኛል።"

ሽንሌን አውቀዋለሁ። ባቡር መንገዱ አጠገብ አንዴ ከሰዓት በኋላ ቆሜ ጥላ ፍለጋ የሰው አጥር ታክኬያለሁ። እዚያ ላይ ከፈይ፣ እሱም ባለገበር! መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና "እናቴ፣ ይሄ ልብስ ልጅሽን ይቀቅላታል" አልኳት።

"ሰው ምን ይለኛል? እርቃኗን ሰደደቻት ይለኛል" አለች እናትየዋ።

"በሠርጓ ቀን ሙቀት ሲጥላትስ ምን ይላል?"

እናትየዋ ልጇን አየቻት። የልጅቱ ዓይን እኔን እኔን ይል ነበር። ጥሩ ስስ ጨርቅ፣ አበባው እንደ ከፈይ የሚያምር፣ ያለው ማዶ ብቻ ነበር። ኤዶ እዚያው ቆመዋል። ከዚያች በረንዳ ብነሳ የምገባበት የለኝም፤ ከወንዶቹ መደዳ ብቀመጥ መጋረጃ የለ፣ መጋረጃ ከሌለ የምትለካ ሴት የለች። ቤታችን የሚበላው ከዚያች መጋረጃ ጀርባ ነበር። እጄ ግን ቁራጭ ፈልጎ አገኘ፣ አረንጓዴ ክር አሰረበት፣ ሰጣቸው። "ማዶ" አልኳቸው። ያቺ ሙሽራ በዓመቱ ልጅ አዝላ መጥታ ጠበበኝ ብላ ያን ቀሚስ አስፍታለች፤ ከመለበስ ብዛት አበባው ደብዝዞ ነበር።

ኤዶ ሁለቱ ሴቶች አስፋልቱን እስኪሻገሩ በዓይናቸው ሸኟቸው። ከዚያ አልጮኹም። "መኪናሽን አንሺ" አሉኝ ብቻ።

እኔ ደግሞ አላረፍኩም። "አነሳለሁ! የእርስዎን ከፈይ ስጠብቅ አላረጅም! ጭነው ሲኦል ይሽጡት፣ እዚያም ይሞቃቸዋል!" አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ገበያው ሁሉ ሰማ። ኤዶ ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ እኔም የስፌት መኪናዬን በሸራ ሸፍኜ እያለቀስኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

አባቴ ደጅ ተቀምጦ ነበር። የሆነውን ነገርኩት። አሰበና "እውነት ተናግረሽ ነው የተባረርሽው ወይስ ተሳድበሽ?" አለኝ።

"ሁለቱንም።"

"እንግዲያው በፊተኛው አትዘኝ፣ በኋለኛው ይቅርታ ጠይቂ። ጋሪውን ጠዋት እንከራያለን።" እህቶቼ ትክ ብለው ያዩኝ ነበር። ትልቋ ትምህርት ቤት ሊቀርባት እንደሆነ ገብቷታል፤ እራቷን ሳትጨርስ ተነሳች። እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ጠዋት ባለጋሪውን ይዤ ሄድኩ። ኤዶ ሱቁን ከፍተው ከፈያቸው መሀል ተቀምጠዋል። "ኤዶ፣ ስለ ስድቤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። ተነስተው መጋረጃው ውስጥ ገቡና "ነይ ለኪኝ" አሉኝ።

ግራ ገባኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ለክቻቸው አላውቅም። ጨርቅ ነጋዴ ሆነው የሚለብሱት ማንም ያልወሰደውን ትራፊ ነበር፤ እሱንም ራሳቸው ነው የሚሰፉት። ሜትሬን አወጣሁ። ከትከሻቸው ስጀምር "ጉናጋዶ፣ ታች ቆላ፣ የወንድሜ ልጅ ሠርግ አለ። ምን ልልበስ?" አሉ። ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም። "ከፈይ ይሆነኛል?"

ይሆንዎታል ብል መኪናዬ ካለችበት አትነቃነቅም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። የእህቴ ያልተበላ እራት ትዝ አለኝ። ግን እኚህ ሴትዮ በዚያ ቆላ፣ በዚያ ወበቅ፣ በእኔ እጅ የተሰፋ ከፈይ ለብሰው ላባቸውን ሲጠርጉ ታዩኝ። "ኤዶ ይሙቱ፣ ግመሎቹም ይስቁብዎታል" አልኳቸው።

"ታዲያ ምን?"

ቁራጭ አነሳሁ። አረንጓዴ ክሬን አሰርኩበት። መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸውና "ማዶ" አልኩ።

"ጋሪው ደጅ ቆሟል" አሉኝ። "አሁንም ማዶ?"

"ጋሪ ስለቆመ ጉናጋዶ አይበርድም።"

ኤዶ ቁራጯን ጨብጠው ወጡ። ያን አስፋልት ሲሻገሩ ገበያው ሚዛኑን አስቀምጦ አያቸው። ወላሂ፣ የሸራው ጠብ እንደገና ሊነሳ ነው ብሎ ያልተሰበሰበ የለም። እኔ የእናቴን መኪና ከሸራዋ ገልጬ በእጄ እየዳበስኳት ጠበቅሁ። ባለጋሪው "እንጫን እንጂ፣ ሌላ ሥራ አለብኝ" እያለ ይነዘንዘኛል።

ከማዶ የተሰማው ሳቅ ነበር፤ የኤዶ ሳቅ። ስስ ጨርቅ በብብታቸው ይዘው እየጮኹ ተመለሱ። "ናያ! ሁለት የደጋ ሴቶች መጥተው ከፈይ አለህ ወይ ይሉታል፣ ብርድ ገደለን ይሉታል፣ እሱ የለውም! እኔ ከፈይ ላይ ተኝቻለሁ፣ ሰውየው የከፈይ ገዢ አለው! እኔ የስስ ጨርቅ ገዢ አለኝ፣ ስስ ጨርቅ የለኝም! ከፈዬን በስስ ጨርቁ ተለዋወጥን። ያንቺን ክር በሱ ጣሳ ውስጥ አስጥዬዋለሁ፣ ሐሙስ ትወስጂያለሽ፣ እሱንም ነግሬዋለሁ!"

ከዚያ ወደ ባለጋሪው ዞሩ። "ዋርያ! ና ጫን!"

ባለጋሪው ጎንበስ ብሎ መኪናዬን ሲይዝ እጁን መቱት። "ይሄን ማን አለህ? ከፈዩን!"

የእኔን መኪና ሊወስድ የመጣው ጋሪ ቀይ ጣቃ እስከ አፍ ጢሙ ተጭኖበት አስፋልቱን ተሻገረ። እኔ ቁጭ ብዬ መኪናዬ ላይ ክር ልሰካ ብሞክር ዓይኔ እንባ ሞልቶ የመርፌው ቀዳዳ አልታይ አለኝ። ኤዶ ይህን አይተው ሊያባብሉኝ መስሎኝ ነበር።

"ናያ! ልቅሶ ምንድነው? ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው፣ ስፊ!"