አማርኛ የጠፋባት ጓደኛዬ

መቱ የደረስኩት ወገቤ ተቆርጦ ነው። በደሌ አድሬ፣ በማግስቱ ዝናብ ሲወርድ በዋለበት መንገድ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቄ። የልጅነት ጓደኛዬ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ታማ እንደነበር የሰማሁት ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነበር።

እሷና እኔ አብረን አድገን አንድ ቢሮ ታይፒስቶች ሆነን ነበር። የቢሮው ሥራ በኦሮምኛ ሲሆን፣ ከሰፈር የለቀምኩት ኦሮምኛ ለመጻፍ አልበቃኝም። እሷ ከሥራ በኋላ አጠገቤ እየተቀመጠች አንድ ወር ሙሉ የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤን፣ አስተማረችኝ። እኔ ግን አንድ ቀን ሁሉንም ትቼ አዲስ አበባ ገባሁ። አልተጣላንም። ቅር እንዳላት ግን አውቅ ነበር።

ሴት ልጇ በር ላይ ተቀበለችኝ።

"እትዬ፣ እንዳይከፋዎት፤ እማዬ ከታመመች ወዲህ አማርኛው ጠፍቶባታል" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አንዳንዱን ትሰማለች፣ መልሱ ግን አይመጣላትም አለች።

ጓደኛዬ በረንዳው ላይ ጋቢ ደርባ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ አይታዘዝላትም። ስታየኝ "ዹፍቴ" አለች፤ መጣሽ ማለቷ ነው። አቅፌያት አለቀስኩ። ላወራት ስሞክር ኦሮምኛዬ የልጅ ኦሮምኛ ሆኖ አገኘሁት፦ ዝናብ፣ ወንዝ፣ ማር፣ ሩጪ፣ ለማንም አትንገሪ። ትዳሬ መፍረሱን፣ እናቴን መቅበሬን የምነግርበት ቃል አልነበረኝም። ስለዚህ ባለኝ ቃል የሁሩሙን ገበያ አነሳሁ። ማር እንድንገዛ ተልከን፣ ስንመለስ ጣታችንን እየነከርን ግማሹን የጨረስንበትን ቀን። ሳቀች። እናቴ ማንኛችንን እንደገረፈች ግን አልተስማማንም። እኔን ነው ስላት እሷ በግራ እጇ ደረቷን ደጋግማ ትመታለች።

እዚያ ላይ ደከማት። እኔም ዝዬ ነበር፤ ቃል ፍለጋ እንዲህ የሚያደክም አይመስለኝም ነበር። ልጇን ጠርቼ አንድ ነገር እንድትነግርልኝ ለመንኳት።

"ቢሮውን ትቼ የሄድኩት ማስተማሯ ሰልችቶኝ አይደለም በያት። አፍሬ ነው። አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ሁልጊዜ እሷን መጥራት አሳፍሮኝ ነው።"

ልጇ ስትነግራት ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከዚያ አጭር ነገር ተናገረች።

"አላስታውስም ትላለች" አለችኝ ልጇ።

እውነት ረስታው ይሁን ልታሳርፈኝ ፈልጋ ይሁን አልጠየቅኩም። ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከልኩላትና እንቅልፍ እስኪወስዳት አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ጎሬ ዘልቄ ዘመዶቼን ላይ አስቤ ነበር። አልሄድኩም። ሌላ ቤት ገብቼ፣ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደገና ከመጀመሪያው ለማውራት አቅም አልነበረኝም። በማግስቱ ጠዋት በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ።