የእትዬ ዘሃራ ሻይ ቀማሽ

ዓመቱን አሳስቼ ይሆናል፤ ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙበት መሆኑን ግን አልረሳም። ወረታ ውስጥ ከባለሱቋ ከእትዬ ዘሃራ ግቢ ተከራይቼ ነበር። የሩዝ መፈልፈያው ብናኝ ክፉ ሳል አስይዞኛል። እትዬ ሻይ ሊያፈሉልኝ ሲነሡ «አላስቸግርዎትም» እያልሁ እሸሻለሁ።

አንድ ቀን ከቅዳሴ ስመለስ ከምድጃው አጠገብ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጾም ፈታህ?»

«አሁን ልፈታ ነው።»

«እሰይ! ይህን የማፍጠሪያ ሻይ ቅመስልኝ። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ጣዕሙ ከጎደለ ያኮርፋሉ።»

ጦስኝና ዝንጅብል ነው። በጥንቃቄ ፉት አልሁላቸው።

«ዝንጅብሉ ትንሽ በዛ መሰለኝ።»

«በአንድ ጉንጭ ምን ይታወቃል? ጨርሰህ ፍረድ!»

ጨረስሁ። በማግስቱ ቀረፋና ቅርንፉድ፣ ከዚያ ጤና አዳም አቀረቡልኝ። ረመዳን እስኪወጣ በየቀኑ ሙሉ ብርጭቆ እየጠጣሁ ፈረድሁ። በሻዩ ይሁን በጊዜው አላውቅም፣ ሳሉ ለቀቀኝ። ከወረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሻይ አላገኘሁም።

በቅርቡ አንድ ሸኽ አግኝቼ ጉዳዩን ጠየቅኋቸው። ምግብ የምታበስል ጾመኛ በምላሷ ጫፍ ቀምሳ ከተፋችው ጾሟ እንደማይፈርስ፣ ይህንንም ማንኛዋም ሙስሊም እመቤት እንደምታውቀው አረጋገጡልኝ።